ሁለተኛው እጥበት

አምስት ሆኑ። ኢዋኦ የራሱን የጀልባ ሞተር በርሜል ውሃ ውስጥ አቁሞ አስነስቷል፤ ዓይኑ ግን ከአጥሩ ማዶ፣ ጎረቤቱ ኬንጎ ግቢ ውስጥ ተተክሎ የመጡትን ሞተሮች ይቆጥራል። ትናንት ከሰዓት በኋላ አራት ነበሩ። አምስተኛው ዛሬ ጠዋት የመጣ ነው። ክዳኑ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁን ከዘጠኝ ዓመት በፊት የደፈነው ራሱ ኢዋኦ ነበር። የመንደሩን ሞተሮች ከሩቅ የሚለየው በቀለማቸው አይደለም፣ በቁስላቸው ነው።

የሞተሩ ነገር እንደተበላሸ መጀመሪያ ያወቀው በእጁ ነው። ክዳኑ ላይ ያሳረፈው መዳፉ ፈጀው። ጎንበስ ብሎ ቢያይ፣ ከሞተሩ ጎን እንደ ክር ቀጥ ብሎ መውረድ የነበረበት ውሃ ቀጥኖ ቀጥኖ ወደ ጠብታ ተለውጧል። ወዲያው አጠፋው። እጅጌውን ሰብስቦ በርሜሉ ውስጥ እጁን ሰደደና ውሃ የሚሳብበትን ወንፊት ዳሰሰ። አንዲት የኮምቡ ቅዳጅ ተለጥፋበት ነበር። ከሐምሌ ጀምሮ ያንን የባሕር አረም ያጠበበትን በርሜል ሳያጠራ ነው ሞተር ያስነሳበት። ሌላ ግማሽ ደቂቃ ቢቆይ ኖሮ ውስጥ ያለችው ውሃ ሳቢ ጎማ ተቃጥላ ነበር።

በሠላሳ ስምንት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት አያውቅም። ቅዳጇን ኪሱ ከተታትና ያየው ሰው እንዳለ ዞር ዞር ብሎ ቃኘ።

ሺኦሚ ከሆካይዶ ዳርቻ በባሕሩና በገደሉ መካከል የተጨመቀች መንደር ናት። በየዓመቱ ኅዳር ሲጋመስ የኮምቡ ሥራ ያበቃል፣ ጀልባዎቹ ወደ ጠጠሩ ይጎተታሉ፣ ሞተሮቹም ተፈትተው የብስ ላይ በንጹሕ ውሃ ይሠራሉ፤ በውስጣቸው ያለው ጨው ታጥቦ ካልወጣ እስከ ሐምሌ ብረቱን ሲበላ ይከርማል። ይህ ሥራ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የሚሠራው በኢዋኦ ግቢ ነበር። ሕጉን ያወጣው እሱ ነው። ፕሮፔለሩ መጀመሪያ ይወልቃል። ሞተሩ ደጅ ላይ እንጂ መጋዘን ውስጥ አይነሣም፤ ጢሱ ሰው ይገድላል። ማርሽ አይገባም፣ ነዳጅ አይረገጥም። ሞተሩ እስኪሞቅና ውሃው ውስጥ ለውስጥ እስኪዞር አንድ ሰው ዓይኑን ከምትወርደው ክር ሳያነሣ ይቆማል።

ዘጠኝ ቤተሰብ ሞተሩን ተሸክሞ ይመጣ ነበር። የሚያመጡለት የጢስ ዓሣ ወይም አንድ ጠርሙስ ሳኬ ነው፤ እሱ ግን የሚወደው ስጦታውን አልነበረም። የሚወደው ወረፋውን ነበር። ሰዎች ከሞተራቸው አጠገብ ቆመው፣ እጃቸውን በብብታቸው ሸጉጠው፣ እሱ ቀና ብሎ «ቀጣይ» እስኪል የሚጠብቁትን ነገር።

ዘንድሮ ማንም አልመጣም።

ኬንጎ ከሳፖሮ የመጣ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው። እዚያ የሞተር ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። ከሚስቱ ከማዩ ጋር ሆኖ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ባዶ ቤት ከተከራየ ሁለት ዓመቱ። በጸደይ ሁለት ምሰሶ ተከለ፣ በላያቸው ወፍራም ግንድ አጋደመና በሰንሰለት የሚስብ ማንሻ ሰቀለ። ኢዋኦ ያን ጊዜ ለመዥዋዥዌ ይሆናል ብሎ ስቆበት ነበር።

የግቢው በር ተንቋረረ። ሚስቱ ፉሚኤ ባዶ ሳህን ይዛ ገባች።

«ማዶ ነበርሽ?»

«ያን በጨው የከተትኩትን ጎመን ቀምሰው እንዲያዩት ወስጄላቸው። የዚያን ልጅ የኬንጎን የሥራ ቦታ አይተኸዋል? ቁልፎቹን ሁሉ በየመጠናቸው ነው የደረደራቸው።»

«እኔስ አልደረደርኩም?»

«አንተማ ደርድረህ ማንም እንዳይነካብህ ትጠብቃለህ። እሱ ለጠየቀው ሁሉ ያቀብላል።» ሳህኑን እያራገፈች በርሜሉን አየችው። «ምነው አጠፋኸው? ገና መች ሞቀ?»

«ሞቋል» አላት፤ ውሸትም አልነበረም።

በርሜሉን ገልብጦ በብሩሽ ፈተገው፤ ከዚያ እንደገና ሞላው። ውጭ ካሉት የሺኦሚ ቧንቧዎች አሁን ውሃ የሚሰጠው የእሱ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ውርጩ እንዳይሰነጥቅበት ባለፈው ሳምንት አፍስሶ ዘግቶታል። ኢዋኦ ግን ለዚህ ሥራ ብሎ ከጉድጓዱ የሚመጣውን ቧንቧ በጭድና በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ያቆየዋል። ዘንድሮም እንደ ልማዱ ለዘጠኝ ሞተር ጠቅልሎት ነበር።

ሞተሩን ገና ከማስነሳቱ በመንገዱ ላይ የጋሪ ጎማ ሲንቀጫቀጭ ሰማ። ቶጋሺ ነው። ቶጋሺ ሰባ ሁለት ዓመቱ ሲሆን፣ በሐምሌ ንጋት ባሕሩን አይቶ የሥራ ባንዲራ የሚሰቅለው እሱ ነው። ባንዲራው ሳይወጣ በመንደሩ አንድ ጀልባ ንቅንቅ አትልም። በወጣትነታቸው ከኢዋኦ ጋር በአንድ ጀልባ ሠርተዋል። ጋሪው ላይ ሞተሩን አጋድሞ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ፣ የኢዋኦን በር አልፎ ሄደ።

«ቶጋሺ» አለ ኢዋኦ ከአጥሩ ውስጥ። «በሩን ስተሃል።»

ጋሪው ቆመ። ቶጋሺ ፊቱን ሳያዞር፣ «አልሳትኩም» አለ። ከዚያ ዞረ። «እግሬ ነው፣ ኢዋኦ። ልጁ ማንሻ አለው። በሰንሰለት ብድግ ያደርገዋል።»

«እኔና አንተ ሠላሳ ስምንት ዓመት በጀርባችን አንስተነዋል።»

«እግሬን እንዲህ ያደረገውስ እሱ አይደል?»

ኢዋኦ አልሳቀም። ቶጋሺም ቀልዱ እንዳልሠራ አይቶ የጋሪውን እጀታ ለቀቀና ወደ አጥሩ ተጠጋ።

«እንግዲያው እውነቱን ልንገርህ። ያ ልጅ አይቆጣም። አንተ ጋ ስመጣ፣ ቤንዚኑ ለምን አረጀ፣ ካንዴላው ለምን ጠቆረ፣ ግራሶው የታለ ትለኛለህ። ሰው ፊት። እኔ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ሚስቴ እንኳ መቆጣት ትታለች።»

«ስለምቆጣ ነው ሞተርህ ሃያ ዓመት የኖረው።»

«ነው። እሱን መቼ ካድኩ» አለ ቶጋሺ፣ ጋሪውንም እየገፋ ወደ ማዶ ሄደ።

ኢዋኦ ሥራውን ጨረሰ። የምትወርደውን ክር እያየ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆመ፤ ለብ ስትል በጣቱ አረጋገጠ፤ የነዳጁን ጎማ ነቅሎ በካርቡራተሩ የቀረው እስኪያልቅ ሞተሩ እየተንተፋተፈ በራሱ እስኪጠፋ ጠበቀ። የካምቢዮውን ዘይት አውጥቶ ለብርሃን ያዘው፤ ወተት አልመሰለም፤ ውሃ አልገባበትም ማለት ነው። አዲስ ሞላ። ሞተሩን ቀጥ አድርጎ አቁሞ ውሃው ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ቆየና በሸራ ሸፍኖ በሦስት ቋጠሮ አሰረው። እነዚያ ሦስት ቋጠሮዎች በረዶው ሳይቀልጥ ተፈትተው አያውቁም። ይህን ሁሉ ሲሠራ ከማዶ ሳቅ ይሰማ ነበር። ማን እንደሳቀ ለማወቅ አንዴም ቀና አላለም፤ ሁሉንም ግን በድምፃቸው ለያቸው።

ነፋሱ ከባሕር ሲዞር ነው እንፋሎቱን ያየው። ከኬንጎ በርሜል ነጭ እንፋሎት ይወጣል። ኢዋኦ አጥሩ ሥር የወደቀ መሣሪያ የሚፈልግ መስሎ ቀረበ። ከመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ቀጭን ጎማ ወጥቶ በርሜሉ ውስጥ ገብቷል። ነገሩ ገባው። ቤተሰቡ በየተራ ተነክሮበት የተረፈውን የገንዳ ውሃ ለልብስ ማጠቢያ የሚስቡባት ትንሽ ፓምፕ በየቤቱ አለች። ልጁ የውጭ ቧንቧው ቢዘጋበት በዚያች ፓምፕ የሞቀ ውሃ እያወጣ ሞተር ያጥባል። ሙቅ ውሃ ደግሞ ሞተሩን በአምስት ደቂቃ ያሞቀዋል። ሰው አሥራ አምስት ደቂቃ በብርድ አይቆምም።

ይህ ነገር በሠላሳ ስምንት ዓመት አንድም ቀን አልታሰበው። ከማንሻው ይልቅ ይህ ጎዳው። ማንሻ የሚገዛ ነገር ነው።

ከዚያ ሽታው መጣ። የበሰበሰ እንቁላል፣ በላዩም የሎሚ ልጣጭ።

ኢዋኦ ያን ሽታ ያውቀዋል። ከሦስት ክረምት በፊት ፉሚኤ ከፍል ውሃ ያመጣችውን የድኝ ዱቄት ገንዳቸው ውስጥ ትበትን ነበር። ማሞቂያው ውሃውን እየሳበ መልሶ የሚያሞቅ ዓይነት ነው፤ ድኙ የውስጥ ቱቦውን አጥቁሮ፣ በስቶ፣ በዓመቱ ብርዱ በጠናበት ሳምንት ገደለው። ስምንት ቀን ቶጋሺ ቤት እየሄዱ ታጠቡ። የከረጢቱ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል «ብረት ይጎዳል» የሚል ጽሑፍ ነበረበት፤ ኢዋኦ ያነበበው ከማሞቂያው ቀብር በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ዱቄቱ ገንዳቸው ውስጥ አይገባም። ፉሚኤ ግን በየመኸሩ ከመንደሩ ሴቶች ጋር ፍል ውሃ ትሄዳለች፣ ይዛም ትመለሳለች።

ምሳ ሲቀርብ ጠየቃት።

«ዘንድሮ ያመጣሽውን ዱቄት ምን አደረግሽው?»

«ምን አደርገዋለሁ? አንተ ከልክለህ። ለማዩ ሰጠኋት። በየቀኑ እንነከርበታለን፣ የባሌ ወገብ ዳነ ብላ ስታመሰግነኝ ነበር። ምነው?»

«ምንም።»

ሩዝ አስጨመረ። ፉሚኤ ዛሬ ምን ተገኘ ብላ አየችው። እሱ ሾርባውን እየጠጣ ሒሳቡን ይሠራ ነበር። ድኙ በየሞተሩ ቀጭን መተላለፊያ ገብቷል። ውሃው ይደርቃል፣ ድኙ ይቀራል። ሰባት ወር ሙሉ እዚያው ተቀምጦ ብረቱን ይበላል። ሐምሌ ይመጣል። ባንዲራው ይወጣል፣ አሥር ጀልባ በአንድ ጊዜ ይነሣል፣ ከአሥሩ ስድስቱ እየጋሉ እየታነቁ ይቆማሉ። የማን ግቢ እንደታጠቡ ለማስታወስ ማንም አይቸገርም። በመጪው ኅዳር ወረፋው በበሩ ላይ ይቆማል። ማንን በምን ተራ እንደሚቀበል ሁሉ አሰበ። ቶጋሺን መጨረሻ።

ደግሞ ከዚያም የሚጣፍጥ ሁለተኛ መንገድ ነበረው። አሁኑኑ ወደ ማዶ ሄዶ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት የሚላት ዓረፍተ ነገር በአፉ ተዘጋጅታለች። «ልጄ፣ ሞተር ወገብ የለውም፤ ፍል ውሃ ምን ያደርግለታል?» ሳይመሽ መንደሩን ትዞራለች። በሚቀጥለው ዓመትም ትነገራለች። ኬንጎ ሞተር ሲነካ በታየ ቁጥር አንድ ሰው ወገቡን ይዞ ያቃስታል።

ሐምሌን እንደገና በሐሳቡ አየው፤ ደስ ያለው ነገር ነበርና። ስድስቱ ጀልባዎች ይነሣሉ። አምስቱ ገና ወደቡ አፍ ላይ ቆመው ይጎተታሉ፣ ሰው ይስቃል። ስድስተኛው የቶጋሺ ነው። ቶጋሺ ብቻውን ነው የሚወጣው፤ ቦታው ደግሞ ከአባቱ ጀምሮ ባሕሩ ውስጥ በገባው የገደሉ ጫፍ ካሉት ጥቁር ድንጋዮች ሥር ነው። እዚያ ማዕበል ሲያብጥ ሞተሩን ወደ ኋላ ለማስረገጥ ያለህ ጊዜ አንድ ትንፋሽ ነው፤ ሞተሩ እንቢ ካለ ድንጋዩ ይፈጭሃል። ኢዋኦ ቶጋሺን ከዚያ አንሥቶ ሌላ ሰው ሊያስቀምጥ ሞከረ። ሌላ ሰው እዚያ አይሠራም። ባንዲራው እንዳይወጣ ሊያደርግ ሞከረ። ባንዲራውን የሚሰቅለው ቶጋሺ ራሱ ነው።

ቾፕስቲኩን አስቀመጠ።

«ጨረስክ?» አለች ፉሚኤ። «አሁን አይደል ያስጨመርከው?»

«ጎማ ልዘረጋ ነው።»

ከቧንቧው እስከ ኬንጎ በርሜል ሠላሳ እርምጃ ነው፤ አንዱ ጎማ አይደርስም። ሁለቱን ቀጠለ፣ መጋጠሚያውን በሽቦ አሰረ፣ በአጥሩ ላይ አሻገረው። ከዚያ ግቢው መካከል ቆመ። ጎማ ብቻ ይዞ ቢሄድ ሰው ሁሉ ያውቃል። የመጣው ሊያርም ነው ይባላል፤ ምን ሊያርም እንደመጣ ይጠየቃል፤ ከዚያ ዓረፍተ ነገሯ በራሷ መውጣቷ አይቀርም። ራሱን ያውቃል።

ወደ ሞተሩ ሄደ። የመጀመሪያውን ቋጠሮ ፈታ። ሁለተኛው ጠበቀበትና በጥርሱ ፈታው። ሦስተኛውን ሲፈታ ፉሚኤ በመስኮት እያየችው ነበር፤ መስኮቱን ግን አልከፈተችም።

ሞተሩን በጋሪ እየገፋ ሲገባ ኬንጎ የቶጋሺን ሞተር በርሜሉ ውስጥ አስገብቶ የማስነሻውን ገመድ ይዟል። ቶጋሺና ሁለት ዓሣ አጥማጆች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ።

«ቆይ፣ አታስነሳው» አለ ኢዋኦ።

«ይኸው መጣ» አለ ቶጋሺ። «ገና ምንም ሳላጠፋ።» ሁለቱ ሰዎች ሳቃቸውን በሻዩ ሸፈኑ።

ኬንጎ ገመዱን ለቀቀ። ጆሮው ቀልቷል። «ኢዋኦ ሳን፣ ያበላሸሁት ነገር አለ?» አለ በአክብሮት።

ዓረፍተ ነገሯ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። ሁሉም ዝም ብለው ይጠብቃሉ፤ ያቺን ዝምታ ኢዋኦ ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ ሲናፍቃት ነበር።

«የለም» አለ። «በሙቅ ውሃ መጀመርህ ጥሩ ነው፤ ጨዉን ቶሎ ይፈታል። ግን ሁለተኛ እጥበት አለ። በጉድጓድ ውሃ። ትናንት ለታጠቡትም፣ ለሁሉም። የኔንም ይዤ መጥቻለሁ።»

ቶጋሺ የኢዋኦን ሞተር አየ፤ ከዚያ ጋሪው ላይ የተጣለውን ሸራና የተፈታውን ገመድ አየ።

ኬንጎ በርሜሉን ለመገልበጥ የቶጋሺን ሞተር በማንሻው አወጣው። በአንድ እጁ ሰንሰለቱን ሳበ፤ ሞተሩ ያለ ድምፅ ብድግ አለ። ሰንሰለቱ ዘይት ጠጥቷል። ኢዋኦ ይህንንም አየ። ከዚያ አብረው በርሜሉን ገለበጡት፣ ቢጫው ውሃ በጠጠሩ ላይ ፈሰሰ፣ ሽታውም ወጣ።

አዲሱ ውሃ ሲሞላ ሁለቱ ጎን ለጎን ጎንበስ ብለው ነበር።

«የገንዳው ዱቄት ከረጢት ቤት ውስጥ አለ?» አለ ኢዋኦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አዎ፣ የፉሚኤ ሳን ስጦታ...»

«ጀርባውን አንብበው። አሁን አይደለም፤ ሰዎቹ ሲሄዱ።»

ኬንጎ ጠጠሩ ላይ የቀረውን ቢጫ አረፋ አየ። ከመስኮቱ የወጣውን ጎማ አየ። «አምስቱን አጥቤያቸዋለሁ። ለሰዎቹ ልንገራቸው።»

«ምን ብለህ? ገና ሳይደርቅ ይወጣል። ሁለተኛ እጥበት ማለት እሱ ነው። ደግሞ ከእያንዳንዱ ጋር አሥራ አምስት ደቂቃ ትቆማለህ፤ ዓይንህን ከክሯ ካነሣህ...» ብሎ ጀመረና እጁ ኪሱ ውስጥ ያቺን የኮምቡ ቅዳጅ አገኛት። «ማንም ሰው ዓይኑን ሊያነሣ ይችላል። አታንሣ።»

ቶጋሺ ከአግዳሚው ተነሥቶ እግሩን እየጎተተ መጣ። ጠጠሩ ላይ ቆመ፣ አፍንጫውን አነሣ፣ አንዴ ሳበ። ስምንት ቀን ሙሉ ገንዳውን ያዋሳቸው ሰው ነው፤ ለምን እንዳዋሰም ተነግሮታል። ኬንጎን አየው፣ ኢዋኦን አየው።

«ኢዋኦ፣ ይህ ሁለተኛ እጥበት የምትለው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከዘንድሮ ጀምሮ።»

ቶጋሺ አግዳሚው ላይ ወዳሉት ሁለት ሰዎች ዞሮ፣ «ሰማችሁ አይደል? አምጧቸው እንጂ፤ ቀኑ አጭር ነው» አላቸው።

አምስቱ በበርሜሉ ፊት በተራ ቆሙ። የቶጋሺ ከኋላቸው። ኬንጎ እጁን በጨርቅ ጠረገና ጎንበስ ብሎ፣ «ኢዋኦ ሳን፣ የእርስዎ ይቅደም» አለ። ሁሉም መንገድ ለቀቁ።

«በተራዬ» አለ ኢዋኦ። ጋሪውን አዞረ፣ በሰዎቹ ጎን አልፎ እስከ መጨረሻው ገፋው፣ ሰባተኛ ቆመ። እጁን በብብቱ ሸጉጦ፣ ልጁ ቀና ብሎ «ቀጣይ» እስኪል መጠበቅ ጀመረ።